ከካቡ ጥግ የበቀለው ቁጥቋጦ ምንድን ነው? ለቦንሳይስ ይሆናል?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ሰፈር፣ ከአባቴ በወረስነው ግቢ ውስጥ ነው። ከድንጋይ ካቡ ጥግ ቁመቱ ከወገቤ የማያልፍ አንድ ቁጥቋጦ አለ። አባቴ በሕይወት ሳለ መተላለፊያውን እንዳይዘጋ በየጊዜው በገጀራ ይመለምለው ነበር፤ የሰፈሩ ፍየሎችም ካቡ ላይ እየወጡ ይቀነጥቡታል። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለና ጫፍ ጫፉ እሾህ የመሰለ ነው። አበባም ሆነ ፍሬ አይቼበት አላውቅም። አክስቴ ክትክታ ነው ትላለች፤ ጎረቤታችን ሐጂ አጋም ነው ይላሉ፤ ጌሾ ነው ብሎ የሚከራከርም አልጠፋም። የግንዱ ውፍረት ከመሬት ሲነሣ ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲ ሜትር፣ ጉልበቴ አካባቢ ሲደርስ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ወንድሜ ካቡን አፍርሶ በብሎኬት ሊያጥር ስላሰበ ቁጥቋጦው መነሣቱ አይቀርም። እኔ ደግሞ በስልኬ የቦንሳይ፣ ማለትም በትንሽ ማሰሮ ውስጥ አሳጥረው የሚያሳድጉት ዛፍ፣ ፎቶዎችን ካየሁ ወዲህ ይህንኑ ተክል ሳሎን ውስጥ ባስቀምጠው ብዬ ተመኘሁ። አክስቴ ግን «ፈጣሪ ያሳደገውን ዛፍ በሣህን ላይ ማቀጨጭ ነውር ነው» ትለኛለች። ሁለት ቅርንጫፎች፣ አንዱን ፍየል ከሚቀነጥበው ጎን፣ ሌላውን ከካቡ በስተጀርባ ፍየል ከማይደርስበት ቆርጬ፣ በፖስታው ውስጥ ልኬያለሁ። ተክሉ ምንድን ነው? ለቦንሳይስ ይሆናል?

መልስ

ውድ እኅታችን፣ ቁጥቋጦዎ ወይራ ነው። የላኳቸውን ሁለት ቅርንጫፎች በማጉያ መነጽር በደንብ ከተመለከትኩ በኋላ የምጽፈው በመሆኑ ይህን ያለ ማመንታት እናገራለሁ። ዛፉ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሊያ ዩሮፒያ የሚባል ሲሆን፣ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅለው ንዑስ ዝርያ ከስፒዳታ ይባላል፤ የሜዲትራኒያን አገሮች ዘይት የሚጨምቁበት ወይራ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ወሎ ውስጥ ላደጉ ሰዎች ወይራ እንግዳ ነገር አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ግንዱ ተጠማዝዞና ተቦርቡሮ የቆመውን አሮጌ ወይራ ሁሉም ያውቀዋል፤ የጠላ ጋንና የወተት ቅል የሚታጠነውም፣ መፋቂያ የሚቆረጠውም ከእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ሰው ለይቶ የሚያውቀው ያደገውን ወይራ ነው። ለጋ ጫፉ ባቆጠቆጠ ቁጥር የሚበላበት ወይራ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ በጎን በጎኑ ብዙ ደቃቅ ቡቃያ ያወጣል፤ ቅጠሉ ያንሳል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፣ የተቀነጠቡት ጭራሮዎች ጫፋቸው ደርቆ ይጠነክርና እሾህ መስለው ይቀራሉ። አክስትዎም ሆኑ ሐጂ በየበኩላቸው ሌላ ተክል የታያቸው ዓይናቸው ስቶ ሳይሆን፣ ቁጥቋጦው በእርግጥም ወይራ ወይራ ስለማይል ነው። አበባና ፍሬ አለማየትዎም የዚሁ ውጤት ነው፤ ወይራ የሚያብበው ቀደም ሲል ባደገ ቀንበጥ ላይ በመሆኑ፣ ቀንበጡ ሁሉ ለፍየል ራት የሚሆንበት ተክል ለአበባ የሚደርስ ቅርንጫፍ አይተርፈውም። ስለዚህ ፍሬ አለመኖሩ ወይራነቱን የሚያስተባብል ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረስኩበትን መንገድ በዝርዝር የምጽፈው፣ እርስዎም ሆኑ ሌሎች አንባብያን በግቢያችሁ ያልታወቀ ተክል ሲገጥማችሁ በተመሳሳይ ሁኔታ እንድትመረምሩት ነው። በቅድሚያ የተመለከትኩት የቅጠሉን መልክ ሳይሆን አቀማመጡን ነው፤ የቅጠል መጠንና ቅርጽ በፍየል፣ በድርቅና በጥላ ምክንያት ሊለዋወጥ ይችላል፣ አቀማመጡ ግን በእነዚህ ዝርያዎች ላይ በቀላሉ አይለወጥም። በላኳቸው ቅርንጫፎች ላይ ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ትይዩ ተቀምጠዋል። የክትክታም ሆነ የጌሾ ቅጠል ግን አንዱ በዚህ፣ ሌላው ከፍ ብሎ በዚያ ጎን እየተፈራረቀ የሚወጣ ነው። በዚህ አንድ ምልክት ብቻ ሁለቱ ከክርክሩ ይወጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ ክትክታ ቅጠሉ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ፣ ፍሬውም እንደ ወረቀት የሳሳ ክንፍ ያለው ሲሆን፣ የጌሾ ቅጠል ደግሞ ዳር ዳሩ በደቃቅ ጥርስ የተከበበ ነው። የእርስዎ ተክል ቅጠል ዳሩ ድፍን ነው፤ ምንም ጥርስ የለውም።

አጋም ጠንከር ያለ ተፎካካሪ ነው፤ የእርሱም ቅጠል ትይዩ ነውና። ሆኖም የአጋም እሾህ ከቅጠሉ መነሻ አጠገብ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ፣ ልሙጥና ሹል፣ በላዩ ላይ ምንም ቡቃያ የማይታይበት እውነተኛ እሾህ ነው። ከላኳቸው ቅርንጫፎች በአንደኛው ላይ «እሾህ» ያሉትን በመነጽር ሳየው ግን፣ ከጎንና ከጎኑ የረገፉ ቅጠሎች ጠባሳ ያለበት፣ ከጠባሳው በላይም ደቃቅ ቡቃያ ያቀረቀረበት ተራ ጭራሮ ሆኖ አገኘሁት። እርስዎም አንድ እርጥብ ቅጠል ከነአንገቱ ቀንጥበው ይመልከቱ፤ አጋም ቢሆን ኖሮ ነጭ ወተት ያነባ ነበር፤ ከወይራ ግን ወተት አይወጣም።

ማንም ያላነሣው፣ እኔን ግን ለጥቂት ጊዜ ያጠራጠረኝ አንፋር ነው። አንፋርም ቅጠሉ ትይዩ ሲሆን ጀርባው ነጣ ያለ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በመዳሰስ ነው፤ የአንፋር ቅጠል ጀርባ የሚነጣው በለስላሳ ፀጉር ተሸፍኖ ስለሆነ እንደ ብርድ ልብስ ይለሰልሳል፣ በጥፍር ሲፋቅም ፀጉሩ ይነሣል። የእርስዎ ቅጠል ጀርባ ግን ብርማ ሆኖ ወደ ወርቃማ ቡናማ የሚያደላ ሲሆን፣ ያንን ቀለም የሰጡት በመነጽር ብቻ የሚለዩ፣ ከቅጠሉ ጋር የተጣበቁ ደቃቅ ቅርፊቶች ናቸው። የቅጠሉ ፊት ጠቆር ያለ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ ዳሩ በትንሹ ወደ ጀርባ የታጠፈ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጎበጥ ያለች አጭር ሹል ያለው ነው። ከካቡ በስተጀርባ፣ ፍየል ከማይደርስበት ቆርጠው የላኩት ረዘም ያለው ቅርንጫፍ ጉዳዩን የበለጠ አጠናክሮታል፤ የእርሱ ቅጠል ጠባብና እንደ ጦር ጫፍ የሾለ፣ ልጡም በነጣ ያሉ ደቃቅ ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረ ነው። በአንድ ተክል ላይ ሁለት ዓይነት ቅጠል መኖሩን አስተውለው ሁለቱንም በመላክዎ በጣም አመሰግንዎታለሁ፤ የተበላውን ብቻ ልከውልኝ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጠን በእርግጠኝነት አልናገርም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ማንነቱን የሰወረው መመልመልና መቀንጠብ ለቦንሳይም ያመቻቸው እርሱ ራሱ ነው። በቦንሳይ ሥራ ላይ ጊዜ የሚፈጀው ግንድን ማወፈር ነው። አንድ ችግኝ በማሰሮ ውስጥ ብቻ ካደገ 11 ሴንቲ ሜትር ለመወፈር ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን ያላነሰ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ወይራ ደግሞ በተፈጥሮው አዝጋሚ ነው። የእርስዎ ተክል ይህን ዕድሜ መሬት ላይ ሆኖ ጨርሶታል፤ ቁመቱ ግን በአባትዎ ገጀራ ምክንያት ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ግንዱ ከ11 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ ጉልበት ላይ ሲደርስ 6 መሆኑ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጸጋው ነው፤ ትንሽ ተክል ትልቅና ያረጀ ዛፍ መስሎ የሚታየው ግንዱ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ ሲሄድ ነውና። በተለምዶ የቦንሳይ ቁመት የግንዱን ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም ለእርስዎ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእኔ ምርጫ ግን ከዚያ ያጠረ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ግንድ ከ35 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ባለው ቁመት ላይ ቢገታ ግርማው ጎልቶ ይወጣል።

ዝርያውም ይህን ሥራ የሚችል ነው። ወይራ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ፀሐይ እያገኘ በተደጋጋሚ ከተመለመለ ቅጠሉ እየደቀቀ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሮጌው ግንዱ እስከ ጉቶው ቢቆረጥም ከልጡ ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጽድ ይህን አያደርግም። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ የደረቀው ክፍሉ እንኳ በቶሎ አይበሰብስም። በዚህ ምክንያት ይኸው የእኛ ወይራ በደቡብ አፍሪካ የቦንሳይ አብቃዮች ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት ዝርያዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ገጀራ የመታውና የደረቀው ጉጥ ካለ አስተካክላለሁ ብለው አይቁረጡት፤ የዛፉን ዕድሜ የሚመሰክረው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከደብዳቤዎ ልረዳው አልቻልኩም፤ እርሱም የሥሩ አዘረጋግ ነው። ተክሉ ከካብ ጋር ተጣብቆ ስለበቀለ ሥሩ ወደ አንድ ጎን ብቻ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። ከመወሰንዎ በፊት በግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በእጅዎና በትንሽ እንጨት ቀስ እያሉ እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ይግለጡት። ሥሮቹ ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ተዘርግተው ከታዩ ተክሉ እጅግ ጥሩ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሆኑም ተስፋ አይቁረጡ፤ ግንዱን ወደ ባዶው ጎን ዘንበል አድርጎ በመትከል ነፋስ የገፋው የገደል ዛፍ ማስመሰል ይቻላል፤ በአዝዋ ገደል በኩል ለሚመላለስ የደሴ ሰው ይህ ዓይነቱ ቅርጽ አዲስ አይሆንበትም። ካዩ በኋላ አፈሩን ይመልሱት።

አክስትዎ ላነሡት ተገቢውን ክብር ሰጥቼ እመልሳለሁ፤ ለተክል መራራት መልካም ነው። ነገር ግን ቦንሳይ ተክልን ማስራብ ወይም ማስጠማት አይደለም። የተራበ ተክል ቅርንጫፉ ይደርቃል እንጂ ውብ አይሆንም። በማሰሮ ያለ ተክል ውኃውን በየቀኑ፣ ምግቡን በየወቅቱ የሚያገኝ፣ ሥሩ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ተመልምሎ አፈሩ የሚታደስለት፣ ከማንኛውም የግቢ ዛፍ የበለጠ ክትትል ያለው ነው። ይህን ወይራ እስከ ዛሬ ያቀጨጩት ፍየሎቹ ናቸው፤ የሚጠብቀውም የብሎኬት መሠረት ቁፋሮ ነው። በዚህ ሁኔታ ተክሉን ማንሣት እርሱን ማዳን ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። አክስትዎ የተናገሩት በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ማንም ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ከተራራ ላይ ወይራ ለመንቀል እንዳይነሣ እለምናለሁ። አሮጌ ወይራ ለማገዶና ለአጥር ሲቆረጥ ኖሮ ተመናምኗል። ሊነሣ የሚገባው እንደ እርስዎ በገዛ ግቢ የሚገኝና ባይነሣ የሚጠፋ ተክል ብቻ ነው።

ሳሎኑን በተመለከተ ግን አዝናለሁ፤ አይሆንም። ወይራ የፀሐይና የነፋስ ዛፍ ነው። በመጋረጃ ጥላ ሥር ቀንበጡ ይመነምናል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ይደርቃል። ቦታው በረንዳ ጫፍ ወይም ግቢ ውስጥ፣ ከፍ ካለ የድንጋይ መደብ ላይ ነው። ለበዓል ወይም ለእንግዳ አንድ ቀን ወደ ቤት ቢገባ ጉዳት የለውም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በኅዳር ነውና አሁን ተክሉን እንዳይነቅሉት። የደሴ ብርድና ውርጭ ከኅዳር እስከ ጥር የሚበረታበት ጊዜ በመሆኑ የተቆረጠ ሥር በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ቶሎ አይተካም። እስከዚያው ድረስ ማድረግ ያለብዎት ተክሉን ከፍየል መከላከል ነው፤ ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩለት፣ ከግንዱ ራቅ አድርገው በደንብ የተብላላ ፍግ ይጨምሩለት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርገው ያጠጡት። በእነዚህ ወራት የሚያወጣው ቅጠል ሲነቀል ለሚደርስበት ድንጋጤ ስንቁ ነው። በዚህ ጊዜ ምንም አይመልምሉት።

የሚነቀልበት ጊዜ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ፣ ብርዱ ለቆ የበልግ ርጥበት በሚጠበቅበት ወቅት ቢሆን እመርጣለሁ። ክረምቱን መጠበቅ አይመከርም፤ ሐምሌና ነሐሴ የሚወርደው ዝናብ አዲስ የተቆረጠ ሥርን ሊያበሰብስ ይችላል። ከመቆፈርዎ በፊት ቅርንጫፎቹን ወደ ታሰበው ቁመት ያሳጥሩ፤ የተቆረጠውን አይጣሉት፣ ደርቆ ለማጠኛ ይሆናል። ከዚያም ከግንዱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ዙሪያውን በዶማ ይቆፍሩ፤ ወፍራሙን ሥር በዶማ እየመቱ ከመበጠስ ይልቅ በመጋዝ ይቁረጡት፤ ቀጫጭኖቹን ሥሮች ግን እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቋቸው፤ ውኃ የሚመጥጡለት እነርሱ ናቸውና።

ወዲያውኑ ወደ ዝርግ የቦንሳይ ማሰሮ አያስገቡት። የመጀመሪያ ቤቱ ከታች ብዙ ቀዳዳ የተበሳበት የእንጨት ሣጥን ወይም ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ይሁን። አፈሩ ውኃ የማይቋጥር መሆን አለበት፤ የግቢ ዋልካ ብቻውን ከሆነ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሥርም ይገድላል። ለብሎኬት የሚውለውን ፑሚስ ወይም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በወንፊት ነፍተው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ይምረጡ፤ ዱቄቱን ይጣሉት። ሁለት እጅ ጠጠር ከአንድ እጅ የተብላላ ኮምፖስት ጋር መቀላቀል በቂ ነው። ተክሉ እንዳይነቃነቅ ግንዱን ከሣጥኑ ጋር በገመድ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፤ ግንዱ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር አዲሱ ሥር ይበጠሳልና።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የትዕግሥት ናቸው። ከነፋስ የተከለለ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ያኑሩት፤ አፈሩ ላይ ጣትዎን አስገብተው ደረቅ ሲሆን ብቻ ያጠጡ። የቀረው ቅጠል ሁሉ ቢረግፍ ሞተ ብለው አይጣሉት፤ ልጡን በጥፍር ትንሽ ፋቅ አድርገው ሲያዩት ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ከግንዱ ላይ ቡቃያ ይፈነዳል። ቡቃያውን አይንኩት፣ ማዳበሪያም አይስጡት፤ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ልቡ ይደግ። ክረምት ሲገባ ሣጥኑን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው በአንድ በኩል ዘንበል ቢያደርጉት ውኃው አይተኛበትም።

በሁለተኛው ዓመት ከበቀሉት ቅርንጫፎች ለቅርጹ የሚጠቅሙትን ጥቂቶች መርጠው ሌላውን ያስወግዳሉ። ቅርንጫፍን ለማጉበጥ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ በእሳት ግሎ ሲቀዘቅዝ ስለሚለሰልስ ጥሩ ያገለግላል፤ ሽቦው ልጡን መጫን ሲጀምር ግን እየጠመዘዙ ሳይሆን እየቆራረጡ ያውጡት። ዝርጉ የሸክላ ማሰሮ የሚያስፈልገው ከሦስተኛው ዓመት ወዲያ ነው፤ ያን ጊዜ ለሸክላ ሠሪ ልኩን ነግረው፣ ከታች ሁለት ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች እንዲኖሩት አሳስበው ማሠራት ይችላሉ።

የቀረው የወንድምዎ ጉዳይ ነው። የብሎኬት አጥር በአንድ ቀን አይቆምምና፣ ሥራውን ወይራው ካለበት በተቃራኒ ካለው ጎን እንዲጀምሩና ያንን ጥግ እስከ መጋቢት እንዲተዉልዎት ይጠይቋቸው። ይህ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነና ተክሉ በብርዱ ወራት መነሣት ካለበት፣ ያልኩትን የሥር ምልመላ ሁሉ ትተው ከግንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው በመቆፈር አፈሩ ሳይፈርስ በጆንያ ጠቅልለው ያንሡት፤ ቅርንጫፉን ሳይቆርጡ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር እዚያው ግቢ ውስጥ መልሰው ይትከሉት፤ በላዩ ላይ ገለባ ያልብሱት። ወደ ሣጥን የሚገባበት ጊዜ ያን ጊዜ በአንድ ዓመት ይራዘማል።